ንስር ሁለት በድሬዳዋ በኩል

አቃቂ በሰቃ፣ መስከረም 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለጌዲዮን፤ ጅቡቲ።

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። የባሕሩ ሙቀት አይጣልህ፣ የሰው አገር ሰው ይውደድህ፣ የያዝከው ሁሉ ይባረክልህ። እኔ አክስትህ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ክረምቱ ከወጣም በኋላ አልለቀቀኝም። ፍቅሩም ደህና ነው፤ ደህና ማለቴ ይበላል፣ ይተኛል ማለቴ ነው።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃና ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ሰሞኑን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ስትሄድ የተውክልኝ የቴሌቪዥን ጌም፣ ያ ንስር የተሳለበት የድብድብ ካሴት ያለው፣ የሠፈሩን ልጆች በሳንቲም እያጫወትኩበት ይኸው እስካሁን ቤቴን ሞቅ ሲያደርግልኝ ኖሯል። አጎትህ ሳህሌ ባቡሩን ነድቶ ነድቶ ካረፈ ወዲህ የፊት ክፍላችን ውስጥ የጎረምሳ ድምፅ ባይሰማ ኖሮ አብጄ ነበር። አሁን ግን ክፍሉ ባዶ ነው። ገበያው አጠገብ ሱቅ ያለው የስልጤው ሻፊ ሁለተኛውን አስመጣ። ንስር ሁለት ይሉታል። ትናንት አንድ ልጅ ብቻ መጣልኝ፤ እሱም የሻፊ ቤት እስኪከፈት ድረስ ነው።

ምን የተሻለ ነገር ቢኖረው ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«እትዬ፣ የድሮው እኮ እንጨት ነው» አለኝ። «ጥግ ከገባህ አለቀልህ። የአሁኑ ይተነፍሳል።»

ይተነፍሳል አለኝ፤ ካሴት። ተናድጄ አስወጣሁት፤ ከዚያ ደግሞ ባላስወጣሁት አልኩ።

ነገሩ ግን ስለ ጌሙ ብቻ አይደለም። ፍቅሩ ማትሪክ ከወደቀ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ሐዲዱ ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ባቡሩ ሲመጣ ይነሳል፣ ካለፈ በኋላ ይቀመጣል። እናቱ ነኝ፣ ምን እንደሚያስብ አላጣውም። የጎረቤታችን ልጅ ጉተማ በባሕሩ ወደ የመን እሻገራለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ወሬው የለም። እናቱ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ የሷ በር ይሁን የኔ በር ለይታ አታውቅም። እኔ እንደሷ መሆን አልፈልግም፤ ፈርቻለሁ ጌዲዮን።

ስለዚህ አስቤ አስቤ የደረስኩበት ይህ ነው። ካሴቱ ከመጣ ልጆቹ ይመለሳሉ፤ ልጆቹ ከተመለሱ የጌም ቤቱን ለፍቅሩ አስረክበዋለሁ። የራሱ የሚለው ነገር ካገኘ ልቡ ይረጋል። ገንዘብ አትላክ፣ ሽቶም አትላክ። ንስር ሁለትን ላክልኝ። መልሱን ይህን ላመጣልህ ለዱጉማ ስጠው፤ ባቡሩ ላይ ቲኬት የሚቆጣጠረው የሳህሌ ጓደኛ ነው። ፖስታ ቤት አታስገባው፣ ይዘገያል።

መልስህን ቆማ የምትጠብቅ አክስትህ፣
ወርቅነሽ


ጅቡቲ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ወርቅነሽ፤ አቃቂ።

ለክቡር ጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩም። ጉልበትዎን አምላክ ይማርልዎ፤ ቤትዎን ሰው አይለየው። ስለ እኔ ከቶ አያስቡ። ሥራዬ ወደብ ላይ ነው፤ ከመርከብ የሚወርደውን ዕቃ እቆጣጠራለሁ። ሰውም ያከብረኛል። አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ መኪናዋ ነጭ ናት፣ በፎቶው ግን ትንሽ ቢጫ መስላለች።

ስለ ንስር ሁለት የጻፉትን አንብቤ ሳቅሁም አዘንኩም። እዚህ አንድ የየመን ሰው ሱቅ ውስጥ ተከፍቶ አይቼዋለሁ፤ ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ ምሳዬን እስከ መርሳት ደርሻለሁ። በመጀመሪያው ካሴት ጺሞን አንዱ ከያዘው ሌላው መያዝ አይችልም ነበር፤ ያስታውሳሉ፣ ያ ፀጉሩን ወደ ኋላ ያሰረው ባለጺም። እኔና ፍቅሩ በእሱ ስንት ቀን ተናንቀን እርስዎ በመጥረጊያ አገላግለውናል። በሁለተኛው ግን ሁለት ሰው ጺሞን መያዝ ይችላል። አንዱ ቀይ ይለብሳል፣ አንዱ ሰማያዊ፤ ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ይህን ያሰበውን ሰው አምላክ ይባርከው።

ፍቅሩ እንዴት ነው? ከማን ጋር ይውላል? ምን ይላል? ሳሪስ አቦ አካባቢ ጋራዥ የከፈቱ የሠፈራችን ልጆች ነበሩ፤ ቢያናግሩለት መልካም ይመስለኛል። እጁ ለብረት ይሆናል። እዚህ መምጣት እንዳያምረው፤ ጅቡቲ ለሁሉም ሰው አትሆንም። ካሴቱን እፈልጋለሁ፤ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይስጡኝ።

ከእግርዎ በታች ያደገው ልጅዎ፣
ጌዲዮን


አቃቂ በሰቃ፣ ኅዳር 16 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጌዲዮን፤

ሰላምታዬ ይድረስህ፣ ጤና ይስጥህ፤ እኔ ግን ጤና የለኝም፣ ተናድጃለሁ። ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ ብለህ ወሩ አለቀ።

ፎቶህን ፍቅሩ ወስዶ ራስጌው ላይ ለጠፈው። ማታ ከመተኛቱ በፊት ያየዋል፣ ጠዋትም ያየዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንኳ እንዲህ አይቶ አያውቅም። ጅቡቲ ለሁሉም ሰው አትሆንም ትላለህ። ነጭ መኪና ተደግፈህ እንዲህ ብትል ማን ይሰማሃል? ባትልከው ይሻል ነበር፤ አንዴ ልከኸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ፍቅሩን ዘይት ግዛ ብዬ ልኬው ቀረ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። የት አገኘሁት ብትል ሻፊ ቤት፤ እዚያው ጌሙ ፊት ለፊት፣ ዘይቱን በጉልበቱ መሃል ይዞ። ደሜ ፈላ። የሻፊ ባለቤት ሐጀራ አይታኝ ወንበር አቀረበችልኝ።

«ተቀመጪ እንጂ እትዬ ወርቅነሽ፣ ልጅሽ እኮ የሚችለው ጠፍቷል» አለችኝ።

«ልጄ የሚችለውን ቤቱ ይቻል» አልኳት፤ ግን ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ነው ያስቀመጠኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። በመጀመሪያው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ነፋስ የሚጥላት። አሁን ሦስት ሆነዋል፤ አንዷ እኔን የምታህል ወፍራም ናት፣ ክንዷን ጠቅልላ ስትመታ ሰውዬው ከሚደባደቡበት ገበያ ጥግ እስከ ጥግ ይበራል። ከኋላ የቆመው ተመልካች ድሮ እንደ ተሳለ ዝም ይል ነበር፤ አሁን ያጨበጭባል፣ አንድ ሰው ዕቃ ተሸክሞ ያልፋል፣ ውሻም አለ። ፍቅሩ የመጣውን ሁሉ አስነሳ። እንደ ድሮው በወራጅ ነው የሚጫወቱት፤ የተሸነፈ ይወርዳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። እሱ ሲቀጥል፣ ሲቀጥል፣ ፊቱን አየሁት። ከሳህሌ ሞት ወዲህ እንዲያ ሆኖ አላየሁትም። ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ።

ስወጣ ሐጀራ ተከትላኝ መጥታ «ካሴቱን በፈረቃ እናድርገው፣ ጠዋት አንቺ ከሰዓት እኛ፣ ሻፊ እሺ ይላል» አለችኝ። ከሰው ካሴት ለምኜ ቤቴን አልከፍትም አልኳት። ትዕቢት ነው፤ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። ዱጉማ ያንተን ደብዳቤ ለፍቅሩ ሲሰጠው በመስኮት አይቻለሁ። ለእኔ ያልሆነ ደብዳቤ ነው። ምንድን ነው የምትጻጻፉት? ለእኔ በደንብ አድርገህ መልስልኝ፤ ዝም እንዳትል።

አክስትህ ወርቅነሽ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አክስቴ፤

እንኳን ለልደቱ ዋዜማ በሰላም አደረሰዎ። ጤና፣ ሰላም፣ ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሰነባብቷል። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ለፍቅሩ የምጽፈው ስለ ጌም ነው። ሌላም አንዳንድ የጎረምሳ ወሬ አለበት፤ ሊያስጨንቅዎ አይገባም።

የምሥራች፣ ካሴቱን ገዝቻለሁ። የመናዊው ሰውዬ ሱቁ ውስጥ እንድሞክረው ፈቀደልኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ያስታውሳሉ፣ እኔ ሰውን ሁሉ ጥግ አስይዤ አንገቱን አንቄ ነበር የማስለቅሰው። ከሠፈሩ ማንም አሸንፎኝ የማያውቀው በዚያ ነበር። በመጀመሪያው ጥግ የገባ ሰው መውጫ አልነበረውም። በሁለተኛው ግን የታነቀው ሰው ልክ በሰዓቱ ሁለቱን ቁልፍ ከተጫነ እጁን ያስለቅቅና ከኋላ ይገኛል። ደግሞ ዝም ብሎ ክንዱን አጣምሮ የሚከላከል ሰው ነበር፤ እንደ ሮሪሳ ያለ ፈሪ፣ በዚያ ሰዓቱን የሚጨርስ። አሁን ብዙ የተከላከለ ሰው ክንዱ ይዝልና ራሱ ይከፈታል። ምቱም ይያያዛል፤ አንዱ ከገባ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከትለው ይገባሉ። እጄ የድሮውን ስለለመደ ገና አልተላመድኩትም።

ካሴቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ዱጉማ ከዚህ በኋላ ድሬዳዋ ደርሶ እንደሚመለስ ልኮብኛል፤ ከድሬዳዋ ወዲህ ሌላ ሠራተኛ ነው የሚይዘው። ስለዚህ አንድ ጓደኛዬ ድሬዳዋ ድረስ ይዞት ይሄዳል። ጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያላት አቻምየለሽ የምትባል ሴት አለች፤ እሷ ዘንድ ያስቀምጠዋል። ዱጉማ ከእሷ ይቀበል። እባክዎ ዱጉማ ራሱ ይቀበል። ሌላ ሰው አይላኩ። ሊዘገይ ይችላል፤ ቢዘገይም ሌላ ሰው አይላኩ።

በክብር የማስብዎ፣
ጌዲዮን


አቃቂ በሰቃ፣ ጥር 13 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጌዲዮን፣ ለደጉ ልጄ፤

ጥምቀት እንዴት አለፈልህ? እኛ እዚህ ታቦቱን በሰላም አስገብተናል። አምላክ ያሰብከውን ይሙላልህ፣ እንዳስደሰትከኝ ያስደስትህ። ዛሬ ብጽፍ ብጽፍ እጄ አይደክመኝም።

ነገሩ እንዲህ ሆነልህ። ዱጉማ ሴት ልጁን ሊድር ፈቃድ ወጥቷል። ጥር አይደል፤ ድንኳኑ እዚህ ድረስ ይታያል። እስኪመለስ ጠብቂ አለኝ። እኔ ደግሞ መጠበቅ ድሮም አልተፈጠረልኝም። ሐጀራን በገበያ ባገኘኋት ቁጥር ዞር እላለሁ፣ ክፍሉን በጠረግሁት ቁጥር አቧራ ብቻ ነው የማወጣው። እንዳልከኝ የማላውቀውን ሰው አልላክሁም፤ አደራ ሲባል ይገባኛል። የራሴን ልጅ ነው የላክሁት። ከራሴ ልጅ የበለጠ የታመነ ማን አለ?

ሳህሌ ካረፈ በኋላ የተሰጠኝ የቤተሰብ ነፃ ፓስ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ነበር፤ አውጥቼ ሰጠሁት። እስከ ድሬዳዋ ይሄዳል፣ ካሴቱን ይቀበላል፣ በሚቀጥለው ባቡር ይመለሳል። ጎረቤት «ልጁን እንዴት ብቻውን» አሉኝ። ባቡሩ እኮ የኛ ነው አልኳቸው። ሾፌሩ ያውቀዋል፣ ፍሬን የሚይዘው ያውቀዋል፣ በየጣቢያው ያለው ሰው የሳህሌ ልጅ ብሎ ሻይ ያጠጣዋል። ከኛ ቤት በባቡር ሄዶ የጠፋ ሰው የለም።

ፍቅሩን ብታየው። ድሬዳዋ ሂድ ስለው መጀመሪያ አላመነኝም። ከዚያ ተላጨ፣ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ፣ ጓሮ ያለችውን የተሰበረች አጥር ሳልጠይቀው ጠገነ። ስንት ወር ስለምነው የነበረ አጥር ነው። ባቡር ጣቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ። ለድሬዳዋ መንገድ ጉልበት መሳም ምን አመጣው ብዬ ሳቅሁበት። ያንተንም ፎቶ ይዞት ሄዷል፤ ለአቻምየለሽ መታወቂያ እንዲሆነው ብሎ።

ይህን ደብዳቤ ሮሪሳ ነው የሚልክልህ፤ ያ ክንዱን የሚያጣምረው የድሮ ተጫዋችህ አሁን ባቡር ላይ ተቀጥሯል። ሳምንቱ ሳያልቅ ቤቴ ይሞላል። መጀመሪያ የምጫወተው እኔ ነኝ፤ ያቺን ወፍራሟን ነው የምይዘው።

ደስ ያላት አክስትህ፣
ወርቅነሽ


ጅቡቲ፣ ጥር 17 ቀን 1988 ዓ.ም.

አክስቴ፤

ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ አሁን ደረሰኝ፤ ይህን የምጽፈው ባቡሩ ሳይንቀሳቀስ ነው።

ፍቅሩ ከመስከረም ጀምሮ ስለ ባሕሩ ሲጽፍልኝ ነበር። ደላላ ፈልግልኝ፣ ጀልባው ከየት ይነሳል፣ ምን ያህል ሰው ይጭናል፣ እያለ። አልመለስኩለትም ማለት አልችልም፤ አትምጣ ብዬ መልሼለታለሁ፣ ደጋግሜ። ለእናቴ ብትነግራት የአባቴ አጥንት ይውጋህ ብሎ አስምሎኝ ነበር። የጋሼ ሳህሌን አጥንት ጠርቶብኝ እንዴት ልናገር? ሌላ ሰው አይላኩ ያልኩት ስለዚህ ነው። ስሙን ብጽፈው ኖሮ ይገባዎት ነበር፤ ሳልጽፈው ቀረሁ።

ለአቻምየለሽ በባቡሩ ሠራተኞች በኩል ልኬባታለሁ፤ ካለ ያዢው ብያታለሁ። እርስዎም ከድሬዳዋ ጣቢያ ሰዎች የሚያውቁትን ሁሉ ያስጠይቁ።

ጌዲዮን


አቃቂ በሰቃ፣ ጥር 22 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጌዲዮን፤

ጤና ይስጥህ።

ካሴቱ ደረሰልኝ። ሮሪሳ አመጣው፤ ብቻውን። ከበሩ ላይ ቆሞ ክንዱን አጣምሮ «እትዬ፣ ፍቅሩ ለእናቴ ስጥልኝ አለኝ» አለ። የት ሄደ ስለው መሬት መሬት ያያል። ድሬዳዋ ላይ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር ውስጥ ሲገባ አይቶታል። ከአቻምየለሽ ካሴቱን ተቀብሎ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ነው የሄደው፤ ያንተ መልእክት ሲደርሳት እሱ ወንበሩ ላይ አልነበረም። የላክሁትን ዕቃ ሳይጥል አስረክቦ ሄደ። በዚህ ልቀየመው አልችልም፤ ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ።

ያንተ ደብዳቤና ካሴቱ በአንድ እጅ መጡ። አንብቤ ስጨርስ ልሰድብህ ብዕር አነሳሁ፤ ስድቡ ወደ እኔው ዞረ። ፓሱን ከመሳቢያ ያወጣሁት እኔ፣ ባቡር ላይ ያሳፈርኩት እኔ፣ ጉልበቴን ሲስመኝ የሳቅሁት እኔ። አንተ ግን ስሙን መጻፍ አቃተህ። የሳህሌ አጥንት ሞቶ ያረፈ ነው፤ የሚወጋ ቢሆን ልጁ እስከ ባሕሩ ዳርቻ ሲደርስ ዝም ያልከውን አንተን ነበር የሚወጋው።

ካሴቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፤ ከነላስቲኩ። ማንም አልነካውም። ልጆቹ ወሬ ሰምተው መጥተው ነበር፤ በሩን አልከፈትኩም። የጉተማ እናት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷን አይቼ አልቻልኩም፣ ተነስቼ ጓሮ ወጣሁ። የጠገነው አጥር ጠንካራ ነው።

እዚያ ከደረሰ ወዲያው ላክብኝ። አልደረሰም እንኳ ብትል ላክብኝ።

ወርቅነሽ


ጅቡቲ፣ የካቲት 4 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ወርቅነሽ፤

ፍቅሩ እኔ ዘንድ ነው። ጤነኛ ነው። ይህን መጀመሪያ ይወቁ፤ የቀረውን ቁጭ ብለው ያንብቡ።

ሲመጣ ፎቶውን ይዞ ወደቡ በር ላይ ቆመ። የዚህች ነጭ መኪና ባለቤት የት ነው ብሎ ዘበኞቹን ጠየቃቸው። ሳቁበት። መኪናዋ የአንድ ነጋዴ ናት፤ እኔ ተደግፌያት ነው የተነሳሁት። ሥራዬም ዕቃ መቆጣጠር አይደለም፤ ጆንያ እሸከማለሁ። ሲያገኘኝ ጆንያው ጀርባዬ ላይ ነበር። ከኋላዬ መጥቶ የጆንያውን ጫፍ አነሳልኝና አብረን አስቀመጥነው። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን አይቶ ይመለሳል ብዬ ነበር። እሱ ግን «ስለዚህ ነው እኮ የምሻገረው» አለኝ። ኦቦክ ከሚባል የባሕር ዳርቻ የሚነሳ ጀልባ አለ፤ ደላላውን ራሱ አግኝቶታል። ንፋሱ ሲበርድ ነው፤ ወሩ ከተጋመሰ በኋላ ይላሉ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ የጉተማን ነገር አነሳሁበት።

«አንተ ስትወጣ ማን ከለከለህ?» አለኝ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አሰብኩ፤ ሞኝነት ነው። ወደ የመናዊው ሱቅ ወሰድኩት። በወራጅ እንጫወት አልኩት፤ እኔ ካሸነፍኩ በሚቀጥለው ባቡር ወደ እናትህ ትመለሳለህ፣ አንተ ካሸነፍክ እኔው ራሴ ኦቦክ ድረስ እሸኝሃለሁ፣ አንድ ቃል አልናገርህም። ማንም አሸንፎኝ አያውቅም ብዬ ተማምኜ ነበር። ሁለታችንም ጺሞን ያዝን፤ እሱ ቀይ፣ እኔ ሰማያዊ። ከኋላችን የወደቡ ሠራተኛ ሁሉ ተሰበሰበ።

የመጀመሪያውን ዙር እኔ፣ ሁለተኛውን እሱ ወሰድን። በመጨረሻው ዙር ጥግ አስገባሁት። አንገቱን አነቅሁት። አለቀ ብዬ ተነፈስኩ፤ በመጀመሪያው ካሴት ቢሆን አልቆ ነበር። እጄን አስለቅቆ ከኋላዬ ተገኘ። ለእርስዎ ራሴ የጻፍኩልዎትን ነገር እጄ ረስቶታል፤ የእሱ እጅ ግን ስንት ወር ሻፊ ቤት ሲለማመደው ኖሯል። አንዱ ምት ገባ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛው ተከተለ። ወደቅሁ።

በሰው ሁሉ ፊት ቃል ገብቼ ተሸነፍኩ። በእርስዎ ቤት ሕግ የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ያለው ይሆናል። ቃሌን ብበላ ከእኔ ተለይቶ ብቻውን ይሄዳል፤ ቃሌን ብጠብቅ በገዛ እጄ ላሳፍረው ነው። እሱ አሁን ከእኔ ጋር ጆንያ እየተሸከመ ቀኑን ይጠብቃል። ምን ላድርግ አክስቴ? እኔ ማሰብ አቅቶኛል።

ጌዲዮን


አቃቂ በሰቃ፣ የካቲት 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጌዲዮን፤

ጤና ይስጥልኝ፤ ሁለታችሁንም ይጠብቅልኝ።

ደብዳቤህን መጀመሪያ ብቻዬን አነበብኩት፤ ቀጥሎ ሐጀራ ሻሽዋን ሳታስተካክል ሮጣ መጣችና ለሷ አነበብኩላት። በልጄ ነፍስ መጫወትህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ግን አልጮህኩም። መጮህ የማልችልበት ቦታ ላይ ነኝ። ጥግ አስይዘኸው ሲያመልጥህ ምን ያህል እንደደነገጥክ ይገባኛል፤ ብቻ ስትደነግጥ ሕጌን በግማሹ ረሳኸው።

የጻፍክልኝ ግማሹን ነው። የተሸነፈ ይነሳል፤ ልክ ነህ። ያሸነፈ ግን ያለው አይሆንም፣ ያን ከየት አመጣኸው? በኔ ቤት ያሸነፈ ሰው ይቀጥላል። ተረኛ እያለ ጆይስቲክ አስቀምጦ የትም አይሄድም። ይህን ያወጣሁት በናንተ በሁለታችሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ታሸንፉና ሳትሸነፉ ብላችሁ በር ላይ ያሉትን ልጆች ጥላችሁ ትሸሹ ነበር። በር ላይ ቆሜ በመጥረጊያ ስንቴ መልሼ አስቀምጬው እንደነበር ፍቅሩን ጠይቀው፤ አይክድም።

እንግዲህ ተረኛ አለ። ተረኛዋ እኔ ነኝ።

የካሴቱን ላስቲክ ቀድጄዋለሁ። በሩንም ከፍቻለሁ፤ ልጆቹ እየገቡ ነው፣ የሻፊ ቤት ልጆችም ይመጣሉ፣ እሱም አልተቀየመ። ሐጀራ ትናንትም ዛሬም ከምሳ በኋላ መጥታ አሠለጠነችኝ። ወፍራሟን ነው የምይዘው። ክንዷን ጠቅልላ መምታት ችያለሁ፤ ከአንገት ማነቂያ ማምለጡን ገና አልቻልኩም፤ ጣቴ ይዘገይብኛል። ሐጀራ ትስቅብኛለች፣ እኔም እስቃለሁ፣ ከዚያ ትዝ ይለኝና እናቆማለን።

ልጄ እንደሚያሸንፈኝ አውቃለሁ። መጀመሪያውን ምናልባት ሳልነካው ያሸንፈኛል። ይሁን፤ እነሳለሁ፣ ወረፋው መጨረሻ ላይ እሰለፋለሁ። ከኋላዬ ሰው ስለማይኖር ተራው መልሶ የሚደርሰው ለእኔው ነው። እንደገና ያሸንፈኛል፣ እንደገና እሰለፋለሁ። ጀልባው ንፋሱ ሲበርድ ይነሳል ብለሃል፤ ይነሳ። እኔ ከወንበሩ አልነሳም፣ እሱንም አላስነሳውም። ጉልበቴ መቆም ነው እንጂ የሚከለክለኝ መቀመጥ አይከለክለኝም።

ይህን ቃል በቃል አንብበህ አሰማው። ከሳቀ ጥሩ ነው፤ ከተቆጣም ጥሩ ነው። እናትህ ፈርታለች፣ ሌሊት አትተኛም፣ እሷን ሳታስነሳ እንዳትነሳ በለው። ባሕሩን ስለማያውቀው አይፈራውም፤ እኔ ግን የጉተማን እናት በየቀኑ አያታለሁ።

ፓሱ እሱ ዘንድ ስለቀረ ቲኬት ቆርጫለሁ። ዱጉማ ከሠርጉ ተመልሶ እስከ ድሬዳዋ ያደርሰኛል፤ ከዚያ ወዲያ ለጓደኞቹ አደራ ብሎልኛል፣ ስለ ጠረፉም አትጨነቂ ብሎኛል። በእሑዱ ባቡር እነሳለሁ፣ ማክሰኞ እደርሳለሁ። ለየመናዊው ሰውዬ ንገረው፤ አንድ ወንበር ይጨምር፣ መደገፊያ ያለው ይሁን። አንተ ጣቢያ መምጣት የለብህም። አጠገቡ ሁን።

እናቱና አክስትህ፣
ወርቅነሽ